የትኛው ሬዚስተር የት ይግባ? ለፔዳልና ለቱብ አምፕሊፋየር ሠሪዎች

ክረምት ላይ ነው። ደሴ በጉም ተሸፍና የጦሳ ተራራ በማይታይበት አንድ ከሰዓት፣ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች በፌስታል የጠቀለለው አምፕሊፋየር ይዞ ወደ መጠገኛ ክፍሌ ገባ። ራሱ የሠራው ነው። ትራንስፎርመሩን ከአያቱ ሬዲዮ ነቅሎ፣ ኢሲሲ83 እና ኢኤል84 የሚባሉትን ቱቦች (ድምፅ የሚያጎሉትን የመስታወት አምፖሎች) ከሌላ ቦታ ፈልጎ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በሥርዓት ገጣጥሞታል። “ጋሼ፣ ድምፁን እወደዋለሁ። ግን ሞቅ ሲል እንደ ቆሎ ይንጣጣል” አለኝ። ሰክተን ጠበቅነው። እውነትም ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ምጣድ ላይ የተጣደ ሽምብራ ይመስል ጀመር። ከመንጣጣቱ ሥር ደግሞ የማያቋርጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ።

ከፍቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሬዚስተሮቹ፣ ማለትም ኮረንቲን የሚገድቡት ትንንሽ ክፍሎች፣ በሙሉ ከዚያው አሮጌ ሬዲዮ የተነቀሉ፣ ቡናማ፣ ወፈር ያሉ የካርቦን ሬዚስተሮች ናቸው። ለምን እነዚህን እንደመረጠ ስጠይቀው “የድሮዎቹ ድምፅ ያሞቃሉ ሲሉ ሰምቼ” አለኝ። ይህን አባባል ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ። ውስጡ ትንሽ እውነት አለ፤ ግን ያለ ቦታው ሲገባ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ጊታርም ሆነ ክራር የምትሰኩበት ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ ሳጥን) ወይም ቱብ አምፕ ለምትሠሩ ሁሉ ዋናው ነገር ሬዚስተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በላዩ ላይ ስንት ቮልት ይወድቅበታል? ስንት ዋት ሙቀት ይሸከማል? ከእሱ በኋላ ድምፁ ስንት ጊዜ ይጎላል? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ዓይነቱ ራሱን ይመርጣል።

መጀመሪያ በመልክ እንለያቸው። የካርቦን ኮምፖዚሽን የሚባለው የካርቦን ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶና ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ ዳርና ዳሩ እኩል የሆነ፣ ወገቡ የማይሰረጉድ፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ሲሊንደር ነው። በድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ውስጥ ሞልቷል። የካርቦን ፊልም የሚባለው በሸክላ ዘንግ ላይ በስሱ የተቀባ ካርቦን ነው፤ አካሉ አብዛኛውን ጊዜ የቆዳ ቀለም አለው፤ ሱቅ ገብታችሁ “ሬዚስተር” ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ሜታል ፊልም በካርቦኑ ፋንታ ስስ ብረት የተቀባበት ነው፤ በብዛት ሰማያዊ ሆኖ አምስት ቀለበት አለው። ሜታል ኦክሳይድ ሙቀት ለመሸከም የተሠራ፣ ከ1 እስከ 3 ዋት ባለው መጠን የምናገኘው ነው። የመጨረሻው ሽቦ የተጠመጠመበት ነው፤ ያ ነጭ የሲሚንቶ ጡብ የሚመስለው፣ 5 ዋት ወይም 10 ዋት ተብሎ የተጻፈበት። የአካል ቀለም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ሜታል ፊልም ነው ብላችሁ አትማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሽሽታው እንግባ። ሬዚስተር ሁለት ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል።

አንደኛው የሙቀት ድምፅ ነው። በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከሙቀት የተነሳ ያለ ዕረፍት ይርመሰመሳሉ፤ ይህ መርመስመስ በሁለቱ እግሮቹ መካከል እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ይህን በ1928 ጆንሰን የሚባል የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ በልኬት አሳየ፤ ባልደረባው ናይክዊስት ደግሞ በሒሳብ አስረዳ። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ድምፅ የሬዚስተሩን ዓይነት የማይመርጥ መሆኑ ነው። 100 ኪሎ ኦም (ኦም ሬዚስተሩ ኮረንቲን የሚገድብበት መለኪያ ነው) የሆነ ሬዚስተር ካርቦንም ይሁን ሜታል፣ በተለመደው የክፍል ሙቀት፣ ጆሮ በሚሰማው ክልል እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ወደ 5.7 ማይክሮ ቮልት የሚሆን ድምፅ ያወጣል። የምትቀንሱት ኦሙን በመቀነስ ብቻ ነው፤ ያውም በቀጥታ አይደለም። ኦሙ መቶ እጥፍ ሲቀንስ ድምፁ የሚቀንሰው አሥር እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ግን ዓይነቱን ይመርጣል። ይህ በሬዚስተሩ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ሲጫንና ኮረንቲ ሲያልፍበት የሚመጣ ነው። የቦርከናን ወንዝ በሁለት መንገድ ተሻገራችሁ እንበል። አንዱ በድልድይ፣ አንዱ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለላችሁ። በድልድዩ ላይ እርምጃችሁ እኩል ነው። በድንጋዩ ላይ ግን አንዱ ይነቃነቃል፣ አንዱ ይሰምጣል፣ መንገዳችሁን ትቀይራላችሁ፤ እርምጃችሁ የተቆራረጠ ይሆናል። በካርቦን ኮምፖዚሽን ውስጥ ያለው ኮረንቲ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየዘለለ ነው የሚሻገረው፤ የቅንጣቶቹ መገናኛ ደግሞ ከቅጽበት ቅጽበት ይለዋወጣል። ይህ መለዋወጥ ወደ ድምፅነት ይቀየራል፤ በላዩ ላይ ያለው ቮልት በጨመረ ቁጥር እሱም አብሮ ይጨምራል። የካርቦን ፊልም ከዚህ የተሻለ ነው፣ ሜታል ፊልም በጣም ይሻላል፣ የሽቦው ደግሞ ከሁሉም ጸጥተኛ ነው። በአንድ ዓይነት ውስጥ ደግሞ አካሉ ተለቅ ያለው ከትንሹ ይሻላል፤ ስለዚህ ግማሽ ዋት ሜታል ፊልም ከሩብ ዋቱ በዚህ በኩል ይመረጣል።

ከዚህ ተነስታችሁ የቱብ አምፕ ውስጥ ከሁሉም የሚያሰጋው ቦታ የት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ፦ የመጀመሪያው ቱብ ፕሌት (የጎላው ድምፅ የሚወጣበት እግር) ላይ የሚቀመጠው 100 ኪሎ ኦም። በላዩ ላይ ወደ 100 ቮልት ይወድቅበታል፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ የቀረው አምፕሊፋየር በሙሉ ያጎላዋል። ከፍተኛ ቮልት፣ ከፍተኛ ኦም፣ ከፍተኛ ማጉላት አንድ ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አሮጌ ካርቦን ማስቀመጥ የሚንጣጣ ነገር በእጅ መትከል ነው።

የልጁን አምፕ ያየሁት በዚሁ መንገድ ነው። ቮልዩሙን ወደ ዜሮ ሳወርደው መንጣጣቱ አብሮ ጠፋ፤ እንግዲያው ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ቱብ መግቢያ ግሪድ ከመሬት ጋር ሳገናኘው መንጣጣቱ ቀጠለ፤ ከክራሩና ከገመዱ አይደለም ማለት ነው። ቱቡን በሌላ ቀየርኩት፤ ያው ነው። አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ካፓሲተሮቹ (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) የያዙትን መልቀቃቸውን በሜትር ካረጋገጥኩ በኋላ የፕሌቱን ሬዚስተር አንድ እግር ከብየዳው አላቀቅሁ። ቀለበቱ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ብር ነው፤ 100 ኪሎ ኦም፣ ከአሥር በመቶ ስህተት ጋር። ከ110 መብለጥ አልነበረበትም። ሜትሩ 131 ኪሎ ኦም አሳየኝ። ካርቦን ኮምፖዚሽን በዕድሜ፣ በእርጥበትና በብየዳ ሙቀት ኦሙ እየጨመረ የመሄድ ጠባይ አለው። እንደ ደሴ ክረምቱ ጉምና እርጥበት በሆነ ከተማ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካርቦን ሬዚስተር ሳይለካ መበየድ የለበትም። የቁጥሩ መራቅ ብቻውን አያንጣጣም፤ ግን የውስጡ አካል እንደተጎዳ የሚናገር ምልክት ነው። በግማሽ ዋት ሜታል ፊልም ቀየርኩት። መንጣጣቱ ወዲያው ቆመ።

ሽሽታው ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እሱ ከሌላ ቦታ ነበር። ከመግቢያው ሶኬት ወደ ግሪዱ በሚሄደው መንገድ ላይ 68 ኪሎ ኦም አለ። በብዙ የታወቁ የጊታር አምፕ ንድፎች ላይ ይህ ቁጥር ስላለ ሁሉም ይገለብጠዋል። ሥራው የሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ እንዳይገባና ቱቡ በራሱ እንዳይጮህ መከላከል ነው። ድምፃችሁ በእሱ ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ ግን የእሱ 4.7 ማይክሮ ቮልት የሙቀት ድምፅ በቀጥታ ይደመርበታል። ወደ 10 ኪሎ ኦም ስታወርዱት 1.8 ማይክሮ ቮልት ይሆናል። በአንድ ሺህ ሲጎላ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ካርቦኑን በውድ ሜታል ፊልም መቀየር ብቻውን የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ቀጥተኛ ቮልት ስለሌለበት ችግሩ የዓይነት ሳይሆን የኦም ነው። ገንዘብ ያለ ቦታው ይወጣል ያልኩት ይህን ነው።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የሚያሳስበው ከመግቢያው ወደ መሬት የሚወርደው 1 ሜጋ ኦም ነው። ቁጥሩን ብቻ ካየን 18 ማይክሮ ቮልት ያወጣል፤ ያስፈራል። ሆኖም ጊታሩ ሲሰካ የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኮረንቲ የሚቀይረው ክፍል) ጥቅል ሽቦ፣ ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ሆኖ፣ ከጎኑ ይቆማል፤ ድምፁም በአብዛኛው በዚያ ይወርዳል። ስለዚህ አትንኩት። በተለይ ክራር ላይ የሚለጠፈውን ክብ የፒዬዞ ሰሃን የምትጠቀሙ ከሆነ አትቀንሱት፤ ፒዬዞ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ስለሆነ መግቢያው ወደ 100 ኪሎ ኦም ከወረደ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ባቲም ሆነ አምባሰል ስትጫወቱ የታችኛው ክር ሳስቶ የሚሰማችሁ ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ወደ “ሞቅ ያለ ድምፅ” እንመለስ። ለካርቦን ኮምፖዚሽን ፍትሐዊ ልሁንለት። የካርቦኑ ኦም በላዩ ላይ ያለው ቮልት ሲለዋወጥ በጣም በትንሹ አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ የድምፁ ሞገድ ራሱ ብዙ አሥር ቮልት ሆኖ በሚወዛወዝበት ቦታ ላይ ትንሽ መዛባት ይጨምራል፤ ይህም ለጆሮ የማያስከፋ ዓይነት ነው። ይህ የሚሆነው ስፒከሩን ከሚነዳው የኃይል ቱብ በፊት ባለው የመጨረሻ ማጉያ ፕሌት ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ አዲስ፣ የተለካ ካርቦን ኮምፖዚሽን አስገብታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ሽሽታውም ከኋላው ብዙ ማጉላት ስለሌለ ያን ያህል አይጎላም። በመጀመሪያው ማጉያ ላይ ግን ሞገዱ ትንሽ ስለሆነ የተባለው ሙቀት አይመጣም፤ የሚተርፋችሁ ሽሽታው ብቻ ነው። በ9 ቮልት ፔዳል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ ለዚያ የሚበቃ ቮልት የለም። ካርቦን ኮምፖዚሽን ሌላ የሚመሰገንበት ጠባይ አለው፤ አካሉ በሙሉ ኮረንቲ ስለሚሸከም ለቅጽበት የሚመጣን ድንገተኛ ጫና ከስስ ፊልም በተሻለ ይችላል።

የዋቱ ጉዳይ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ቮልቱን በራሱ አባዙና ለኦሙ አካፍሉ። ያ የፕሌት ሬዚስተር 100 ቮልት ቢወድቅበት፣ 100 በ100 ተባዝቶ ለ100,000 ሲካፈል 0.1 ዋት ነው። በዋት ብቻ ካየነው ሩብ ዋት ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛ ገደብ አለ፤ እያንዳንዱ ሬዚስተር ከዋቱ ሌላ የሚችለው የቮልት ጣሪያ አለው። ሩብ ዋቱ ብዙውን ጊዜ 250 ቮልት አካባቢ ነው፤ ግማሽ ዋቱ ከዚያ በላይ ይችላል። በቱብ አምፕ ውስጥ ግማሽ ዋት የምለው ለዚህ ነው።

ኢኤል84ን በ250 ቮልት ስታሠሩት ከካቶዱ (ኤሌክትሮኖቹ ከሚነሱበት የቱቡ ክፍል) ሥር 135 ኦም ይገባል። በፕሌቱ 48፣ በስክሪኑ (በመግቢያው ግሪድና በፕሌቱ መካከል ባለው ሁለተኛ ግሪድ) 5.5 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በካቶዱ ሬዚስተር ላይ 7.3 ቮልት አካባቢ ይወድቃል። ሒሳቡ 0.4 ዋት ገደማ ይሰጣል። ግማሽ ዋት አስገብታችሁ በጣሪያው ላይ እንዲኖር ከምታደርጉት 2 ዋት ሜታል ኦክሳይድ አስገቡለት፤ ቢያንስ እጥፉን የመስጠት ልማድ ይኑራችሁ። ለስክሪኑም እንደዚሁ፤ ቱብ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነውና እሳት የማይዘው ሜታል ኦክሳይድ ወይም የሽቦው ይሁን። እነዚህን ትኩስ ሬዚስተሮች ከሰሌዳው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በይዷቸው፤ ከካፓሲተር ጋርም አታጣብቋቸው። የሽቦ ጥቅል ስለሆነ ድምፅ ያበላሻል የሚለው ስጋት በጆሮ ክልል ውስጥ መሠረት የለውም፤ ጥቅሉ በጣም ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሕይወት ልናገር። ቱብ አምፕ ውስጥ ያለው 250 ወይም 300 ቮልት ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከማጣሪያው ካፓሲተር ጎን ለጎን 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ሁልጊዜ ይኑር። ካፓሲተሩ 47 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ በ50 ሴኮንድ ገደማ ከ300 ቮልት ወደ 2 ቮልት ያወርደዋል። እሱን አምናችሁ ግን እጃችሁን አትስደዱ፤ በሜትር ለኩ። ሌላው ከዚህም የከፋ ነው። አንዳንድ የድሮ ሬዲዮኖች የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም። የቱቦቻቸው ስም በዩ ፊደል ከጀመረ፣ ለምሳሌ ዩሲኤል82 ወይም ዩኤል84፣ የማሞቂያ ክሮቻቸው በተርታ ተያይዘው በቀጥታ ከ220 ቮልቱ መስመር የሚሞቁ ዓይነት ናቸው፤ የብረት አካሉ (ሻንሲው) ከመስመሩ ኮረንቲ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ላይ ጊታር መሰካት ክሩን በያዘው እጅ ላይ 220 ቮልት መጫን ነው። ወንድሞቼ፣ እነዚህን ለአምፕ አትጠቀሙባቸው።

ፔዳል ለሚሠራ ሰው ነገሩ እጅግ ይቀላል። 9 ቮልት በሙሉ በ1 ኪሎ ኦም ላይ ቢወድቅ እንኳ 0.08 ዋት ነው፤ ሩብ ዋት ለሁሉም ቦታ ይበቃል። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ በካርቦን ፊልምና በሜታል ፊልም መካከል ያለው የሽሽታ ልዩነት በአብዛኛው አይሰማም። እኔ ሜታል ፊልም የምመርጠው ዋጋው ከካርቦን ፊልሙ ብዙም ስለማይርቅና ቁጥሩ በአንድ በመቶ ውስጥ የታመነ ስለሆነ ነው። ይህ መታመን የሚጠቅመው ሬዚስተሮች ተመጣጥነው በሚሠሩበት ቦታ፣ ለምሳሌ አንድን የድምፅ ክልል ቆርጦ በሚያወጣ ማጣሪያ ውስጥ ነው። በማጉያ ውስጥ ግን 5 በመቶ ስህተት ማለት የ0.4 ዴሲቤል ልዩነት ነው፤ ማንም አይሰማውም። ድምፅን ሆን ብሎ በሚያዛባው ፋዝ ፔዳል ውስጥ ደግሞ ትራንዚስተሮቹ እርስ በርስ የሚለያዩት ከዚህ በብዙ ስለሆነ፣ የኮሌክተሩን (የትራንዚስተሩን መውጫ እግር) ሬዚስተር ኦሟ በሚቀየር፣ በምትዞር ትሪመር ተክታችሁ በጆሮ ማስተካከል ዓይነት ከመምረጥ የበለጠ ይጠቅማል። የፔዳል ሽሽታ ካስቸገራችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ ከድምፁ ጋር በተርታ ባሉት ትላልቅ ኦሞች ላይ ይሁን።

ግዢን በተመለከተ፣ እኔ ከመርካቶ ሲመጣልኝ የማስመጣው ሩብና ግማሽ ዋት ሜታል ፊልም በብዛት፣ 1 እና 2 ዋት ሜታል ኦክሳይድ በጥቂቱ፣ የሽቦውን 5 ዋት ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ ነው። ከሞተ ቴሌቪዥንና ፓወር ሰፕላይ የሚነቀለው ሜታል ኦክሳይድና የሽቦው ሬዚስተር ከተለካ ደህና ነው። ቡናማውን ካርቦን ግን ሬዲዮውን ራሱን በነበረበት መልክ ለማደስ ካልሆነ አልነቅለውም። ደግሞ ከመበየዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ለኩ፤ መብራት ደብዘዝ ሲል ቡናማና ቀይ ቀለበት ይመሳሰላሉ፣ በአምስት ቀለበቱ ላይ ደግሞ ከየት በኩል እንደሚነበብ ራሱ ያምታታል። ተበይዶ ካለ አንድ እግሩን ሳታላቅቁ አትለኩ፤ ከጎኑ ያለው ሌላ መንገድ ውሸት ያስነብባችኋል።

ልጁ አምፑን ወስዶ በሳምንቱ ተመለሰ። መንጣጣት የለም፣ ሽሽታውም ክራሩ ሲመታ የማይታወቅ ሆኗል። ያመጣው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ቮልዩሙን ሲያዞረው ይቧጭራል። ፖቴንሺዮሜትሩን ቀይሮታል፣ አልተሻለውም። ለካሁት፤ በቮልዩሙ ላይ 3 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ቆሟል። ከፕሌቱ የሚመጣውን መግታት የነበረበት ያ አሮጌ የወረቀት ካፓሲተር እያሳለፈ ነው። እሱም ከአያቱ ሬዲዮ የተነቀለ ነበር፤ እዚያው ቀየርነው።